ቀለም ለሚምታታባችሁና ማየት ለተሳናችሁ፦ ሥዕል እንዴት ይሠራል? እንዴትስ ይታያል?

ብዙ ሰው መሣል እየወደደ «እኔ እኮ ቀለም አልለይም» ብሎ ይተወዋል። ታሪካቸው ይመሳሰላል። ልጅ ሆኖ የዛፉን ግንድ አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ቡናማ ቀብቷል። ክፍሉ ስቆበታል። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልያዘም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሥዕልን የሚያቆመው ከሁሉ በፊት ብርሃንና ጥላ ነው። ጀበናው ድቡልቡል የሚሆነው፣ ተራራው ርቆ የሚታየው፣ ፊት ፊት የሚመስለው ፈካ ያለውና ጠቆር ያለው ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ነው። ቀለም ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። እሱንም ዓይን ባይለየው እንኳ በሥርዓት መያዝ ይቻላል።

ከዚህ በታች የመጀመሪያው ክፍል ቀለም ለሚምታታበት ሰው ነው። ቀጥሎ እይታው ለደከመና ጭራሽ ለማያይ ሰው የሚሆን አለ። መጨረሻ ላይ የሌላ ሰው ሥራ እንዴት እንደሚጎበኝ እናያለን።

መጀመሪያ ዓይናችሁን እወቁ

ዓለምን በጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያይ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው በቀይና በአረንጓዴ በኩል ነው። ቡናማና አረንጓዴ ይመሳሰሉበታል። ሐምራዊው ሰማያዊ ይመስለዋል። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከግራጫ አይለይለትም። ሰማያዊና ቢጫ ግን አይምታቱበትም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንጠቀምባታለን።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ በውርስ የሚመጣና በኤክስ ክሮሞሶም የሚተላለፍ ስለሆነ ወንዶች ላይ ይበዛል። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ፣ ከሴቶች ደግሞ ከ200 አንዷ አለባቸው። አፍሪካ ውስጥ ቁጥሩ ያንሳል፤ ብርቅ ግን አይደለም።

ዓይን ክሊኒክ ሄዳችሁ ተመርመሩ። በነጠብጣቦች መሐል ቁጥር የተደበቀበት መጽሐፍ ያሳዩአችኋል። ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያወጡት ምርመራ ነው፤ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ስልክ ላይ ያለውን ተመሳሳይ ምርመራ እንደ መጨረሻ ቃል አትውሰዱት፤ ስክሪኑ ራሱ ቀለም ይለውጣል። ስትመረመሩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ድክመቱ በቀዩ በኩል ነው ወይስ በአረንጓዴው? በቀዩ በኩል ከሆነ ቀይ ነገር ከእውነቱ ይልቅ ጨልሞ ነው የሚታያችሁ። ጥቁር ቀይ የሆነ ጨርቅ ጭራሽ ጥቁር ሊመስላችሁ ይችላል። ለሠዓሊ ይሄን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

አብሮ የተወለደ የቀለም ችግር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ስለዚህ ቀለም በቅርብ ጊዜ መደብዘዝ ከጀመረባችሁ፣ ወይም አንዱ ዓይናችሁ ከሌላው የተለየ ቀለም ካሳያችሁ፣ ነገሩ ሌላ ነው። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ለቲቢ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኢታምቡቶልም በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ ቀይና አረንጓዴ መምታታቱ አንዱ ምልክቱ ነው። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሐኪማችሁ ግን በዚያው ቀን ንገሩ።

ብርሃኑን አስተካክሉ

የአውሮፓ የሥዕል መማሪያዎች «በሰሜን በኩል ባለ መስኮት አጠገብ ሥሩ» ይላሉ። እነሱ ጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትዞር የሰሜኑ መስኮት ቀኑን ሙሉ የረጋ ብርሃን ይሰጣል። እኛ ጋ ግን እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በእነዚህ ወራት የደቡቡ መስኮት ይሻላል። መስኮታችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ነጭ ስስ ጨርቅ ጋርዱበት፤ ብርሃኑ ይለዝባል።

ማታ የምትሠሩ ከሆነ ቢጫ ብርሃን ያለውን አምፖል ተዉት። ካርቶኑ ላይ 5000 ኬልቪን ገደማ የሚል፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅሙ ደግሞ ከ90 በላይ የሆነ የኤልኢዲ አምፖል ፈልጉ። ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥሩ። ቀለም በሚምታታበት ዓይን ላይ ብርሃኑም ከተለዋወጠ የምትይዙት ነገር ያጣችኋል።

ከቀለም በፊት አምስቱ ሳጥኖች

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ነጭ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ የሥዕል ቀለም)፣ ጥቁር አክሪሊክ፣ ወፍራም ወረቀትና የወረቀት መብሻ ነው። በወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን አምስት ሳጥኖች አስምሩ። የመጀመሪያውን ንጹሕ ነጭ፣ አምስተኛውን ንጹሕ ጥቁር ቀቡ። ቀጥሎ ሦስተኛውን ሥሩ፤ ከሁለቱም እኩል የሚርቅ ግራጫ ይሁን። ከዚያ ሁለተኛውንና አራተኛውን ሙሉ። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል፤ ስለዚህ እርጥቡን አይታችሁ አትወስኑ። ደርቆ እርምጃው እኩል ካልመሰላችሁ ደግማችሁ ቀቡ።

አሁን በየሳጥኑ መሐል አንድ ቀዳዳ ብሱ። ወረቀቱን እንደ ማስመሪያ ቆርጣችሁ አውጡት። መለኪያችሁ ይሄ ነው። አንድ ቀለም ምን ያህል ፈካ ወይም ጠቆር እንዳለ ለማወቅ መለኪያውን ቀለሙ ላይ አስቀምጡና በየቀዳዳው አሳልፋችሁ እዩ። ቀዳዳው ከሳጥኑ ጋር ተዋህዶ የጠፋ እስኪመስላችሁ ድረስ አንቀሳቅሱት። ሦስተኛው ሳጥን ላይ ከጠፋ ቀለሙ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ስሙ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ለጊዜው አያገባችሁም። ድክመታችሁ በቀዩ በኩል ከሆነ ግን ቀይ ነገር ላይ ይህን መለኪያ ብቻችሁን አትመኑት፤ ወደ ታች የምነግራችሁን የስልክ ፎቶ ጨምሩበት።

የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች በነጭና በጥቁር ብቻ ሥሩ። መስኮት አጠገብ ጀበና አስቀምጡ። የሚያብረቀርቀው ቦታ አንደኛ፣ የጀበናው ሆድ አራተኛ፣ ከሥሩ ያለው ጥላ አምስተኛ እያላችሁ ከመቀባታችሁ በፊት በእርሳስ ቁጥር ጻፉበት። ቀለም በደንብ የሚለይ ሰውም ይህን ልምምድ ቢሠራ ይጠቀማል። እንዲያውም ቀለም የሚያማልለው ሰው ነው ብርሃንና ጥላ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው።

እዚሁ መቅረትም ይቻላል። ፈረንሳዊው ሻርል ሜሪዮን ቀለም ስለሚምታታበት ሥዕል ቀለሙን ትቶ ወደ ብረት ቅርጽ ኅትመት ዞረ። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራቸው የፓሪስ ጎዳናዎች ዛሬም ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ አሉ። ከሰልና ቀለም ብዕር ዕድሜ ልክ የሚያሠራ መሣሪያ ነው።

ቱቦዎቹን ምልክት አድርጉባቸው

ቀለም ልግዛ ካላችሁ የቱቦውን ሽፋን ቀለም አትመኑ። ጽሑፉን አንብቡ። ጥሩ ቀለም ሁሉ ጀርባው ላይ የቅመሙ መለያ አለው። በላቲኑ ፊደል «ፒ» ይጀምራል። ቀጥሎ «አር» ከመጣ ቀይ፣ «ዋይ» ቢጫ፣ «ቢ» ሰማያዊ፣ «ጂ» አረንጓዴ፣ «ደብሊው» ነጭ ነው። ከዚያ ቁጥር ይከተላል። ለምሳሌ ፒቢ 29 ማለት አልትራማሪን ሰማያዊ ነው፤ ፒደብሊው 6 ቲታኒየም ነጭ ነው። የንግድ ስሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢለያይም መለያው አይለያይም። ሻጩ «ይሄ ያው ነው» ቢላችሁ ቁጥሩን አሳዩኝ በሉ።

ቤት ስትገቡ በየቱቦው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉና ስሙን በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የብር ላስቲክ ጠምጥሙ፤ ለነጩ አንድ፣ ለቢጫው ሁለት፣ እያላችሁ። ክዳን በጭራሽ አታቀያይሩ።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ የዓይን ሞራ በያዘው ዓመታት ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ቀዶ ሕክምና እስኪያደርግ ድረስ የቱቦውን ጽሑፍ እያነበበ፣ ቀለሞቹን ፓሌቱ (የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳው) ላይ በአንድ ዓይነት ተራ እየደረደረ ነበር የሚሠራው።

ፓሌታችሁ አጭር ይሁን

ለመጀመር አምስት ቱቦ ይበቃል፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ በርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ። ከግራ ወደ ቀኝ በዚሁ ተራ ደርድሯቸው። ከፈካው ወደ ጠቆረው የሚሄድ ስለሆነ እጃችሁ ቶሎ ይለምደዋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ጋ ይሠራል፤ የዚህ ፓሌት ጉልበት በሰማያዊውና በቢጫው በኩል ስለሆነ የምትቀቡትን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

አረንጓዴና ጥቁር ቱቦ ሆን ብዬ አስቀርቻለሁ። አረንጓዴው ካልተጨመረ ከቡናማው ጋር አይምታታም። የጥቁሩ ነገር ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ቢጫን ለማጥቆር ጥቁር ብትጨምሩበት ቢጫው አረንጓዴ ይሆናል። ጠቆር ያለ ቢጫ አይሆንም። ቀለም የሚለይ ሰው ወዲያው ያየዋል፤ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ግን ቡናማ መስሎት ያልፈዋል። የበዙት «አረንጓዴ ፊቶች» የሚመጡት ከዚህ ነው። ቢጫን ማጥቆር ስትፈልጉ በርንት አምበር ጨምሩበት። ሌላው ቀርቶ ኦከርና አልትራማሪንም ብቻቸውን ሲገናኙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለቱ ፓሌቱ ላይ ያለ ሲዬና አይገናኙ።

የሰው ፊት ስትሥሉ በዚህ ተራ ሂዱ። አራት እጅ በርንት ሲዬና አውጡ። አንድ እጅ አልትራማሪን ጨምሩና አንድ ወጥ እስኪሆን አሹት፤ ጥልቅ ቡናማ ይወጣል። ይሄ ጥላው ነው። ከዚሁ ግማሹን ለዩና ሁለት እጅ ሲዬና፣ አንድ እጅ ኦከር ጨምሩበት። ይሄ የፊቱ አብዛኛው ክፍል ነው። ግንባርና አፍንጫ ላይ ለሚያርፈው ብርሃን ከሁለተኛው ትንሽ ወስዳችሁ ኦከርና ነጭ ጨምሩ። የሰው መልክ ይለያያልና መጠኑን ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ተራውን ግን አትለውጡት። የጨመራችሁትን በቢላዋ ጫፍ እየለካችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ነገ ያንኑ ቀለም ድገሙ ብትባሉ ዓይናችሁ ባያስታውስ ደብተሩ አለ።

አረንጓዴና ቀይ የግድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል። ሰንደቅ ዓላማ ልትሥሉ ትችላላችሁ፤ ወይም መስከረም ላይ መስኩ አደይ አበባ ለብሶ አምሯችሁ። ያን ጊዜ ሳትቀላቅሉ በቀጥታ ከቱቦው አውጥታችሁ ቀቡ፤ በጥቁር ወይም በጥልቅ ቡናማ መስመርም ክበቡት። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ልብ ብላችሁ እዩ። ቀለሙ ወጥ ነው። ዙሪያው በጥቁር መስመር የተያዘ ነው። ቀለም የማይለይ ሰውም የማርያምን ልብስ ከመልአኩ ክንፍ በመስመሩ ይለያል። ከእኛው ቤት የተገኘ መፍትሔ ስለሆነ ተጠቀሙበት።

በስልክ ፈትሹ፣ ሰው ጠይቁ

በየሥራው መሐል ሥዕሉን ፎቶ አንሡና ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ልዩነት አለው ያላችሁት ቦታ ፎቶው ላይ አንድ ግራጫ ከሆነ ሥዕሉ እዚያ ጋ ተዳክሟል። አንዱን ወገን አፍኩ ወይም አጥቁሩ።

ሰው ስትጠይቁ «ያምራል?» አትበሉ፤ «በጣም ያምራል» ነው የምትባሉት። «ይሄ ጉንጭ ወደ ቀይ ነው ወደ አረንጓዴ የሚያደላው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሥዕል የማያውቅ ታናሽ ወንድማችሁም ይመልሰዋል። «ቀለም ያሳያል» እየተባለ የሚሸጠው መነጽር ለአንዳንድ ሰው ልዩነቱን ጎላ ያደርገዋል፤ ሙሉ የቀለም እይታ ግን አይሰጥም። ገንዘቡን መጀመሪያ ለጥሩ አምፖልና ለጥሩ ቱቦ አውሉት ባይ ነኝ።

እይታው ለደከመና ለማያይ ሰው

ትንሽ ለሚያይ ሰው ዋናው ነገር ልዩነቱን ማጉላት ነው። ጥቁር ወረቀት ላይ በነጭ ጠመኔ ሣሉ። ወረቀቱ ትልቅ ይሁን፤ ከእጅ ሳይሆን ከትከሻ ሣሉ። መብራቱ ከጎን ይምጣ፤ ከፊት ከመጣ ያብረቀርቃል።

ለማያይ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሣለውን መስመር ወዲያው በጣቱ የሚያገኝበት ሰሌዳ ነው። ርካሽ ነው። መስኮት ላይ ከሚወጠረው የትንኝ መከላከያ ሽቦ ወንፊት የወረቀት ያህል ቁረጡ። ወፍራም ካርቶን ላይ ወጥራችሁ ጠርዙን በፕላስተር ዙሩት፤ ሽቦው እጅ እንዳይቧጭር። ላዩ ላይ ወረቀት አድርጉና የልጆች የሰም ከለር ጫን እያላችሁ ሣሉ። ሰሙ በወንፊቱ ጉብታ ላይ እየተነጠበ ሻካራ መስመር ይተዋል። ጣት ይከተለዋል።

ቀለም ለመቀባት ደግሞ ከፍ ያለ መስመር ያስፈልጋል። የአናጢ ነጭ ኮላ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቅዱና ሸራው ላይ በመስመር አፍስሱ። ኮላ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ስለዚህ ከደረቀ በኋላ በዚያው ላይ ድገሙት። መስመሮቹን አታጠጋጉ። የብሬል ነጥቦች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የጠበበውን ነገር ጣት አንድ አድርጎ ነው የሚያነበው። ለፊት ሥዕል ከሆነ ዓይን ብቻውን የግማሽ መዳፍ ያህል ቢሆን አይበዛም።

ቀለሞቹን በጣት ለመለየት እያንዳንዱን የተለየ ሸካራነት ስጡት። ሰማያዊው እንዳለ ለስላሳ ይሁን። ኦከሩ ውስጥ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ፣ ቡናማው ውስጥ ሰጋቱራ ቀላቅሉ። ነጩን በጄሶ አወፍሩት፤ ጄሶ ቶሎ ስለሚጠጥር ግን ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ብቻ በጥብጡ። በ2001 እ.ኤ.አ. ዓይኑ የጠፋው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ብራምብሊት በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ከፍ ባለ መስመር ይነድፋል፤ ቀለሞቹንም በውፍረታቸውና በልስላሴያቸው በጣቱ ይለያል።

በ1953 እ.ኤ.አ. ቱርክ ውስጥ ሳያይ የተወለደው ኤሽረፍ አርማጋን ሌላ ነገር ያስተምረናል፦ ትዕግሥት። መጀመሪያ ወረቀቱን በሹል ነገር ጭሮ መስመሩን ያወጣል። ከዚያ አክሪሊኩን በጣቱ ይቀባል፤ አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን አይነካም። እርጥብ ላይ እርጥብ ከተቀባ ለማያይ ሰው መመለሻ የለውም። ስለዚህ በአንድ ቀን አንድ ቀለም ብቻ ቀቡ። ቸኩላችሁ ከሆነ ሁለት ሸራ ጎን ለጎን ጀምሩ።

ጭቃ ከሁሉም ይቀላል። ለዓይነ ስውር ጀማሪ ሸክላን ነው የማስቀድመው፤ ቅርጹ እዚያው እጁ ላይ ስላለ የማንንም አስተያየት ሳይጠብቅ ያርመዋል።

የሌላ ሰው ሥራ ስትጎበኙ

ለማያይ ወዳጃችሁ ሥዕል የምትገልጹ ከሆነ ከስሜት አትጀምሩ። «ደስ ይላል» ለእሱ ምንም አይነግረውም። ተራው እንዲህ ይሁን። ስፋቱን በሰውነት ለኩለት፤ «ቁመቱ ካንተ ይበልጣል፣ ጎኑ ሁለት እጅህን ብትዘረጋ ያህል ነው» በሉት። ምን ላይ እንደተሠራ ንገሩት። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅላላውን፣ ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ ዝርዝሩን። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አትርሱ። የእናንተ ስሜት በመጨረሻ ይምጣ። ቀለም ከገለጻው አታስቀሩ። ብዙ ዓይነ ስውራን በአንድ ወቅት አይተው ያውቃሉ፤ አይተው የማያውቁትም ቀይ ምን ሲባል እንደሚነሣ ያውቃሉ።

በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ውሰዱ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ በሦስት ትልልቅ መስኮቶች ተከፍሏል። በአንዱ ቀይ ይጎላል፣ በሌላው አረንጓዴ፣ በሦስተኛው ቢጫ። ትርጉሙ በቀለም የተያዘ ስለሆነ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ጎብኚ ተነጥሎ ሊቀር ይችላል። አብራችሁት ካላችሁ የአፍሪካን ያለፈውን፣ የአሁኑንና የወደፊቱን ዘመን የትኛው መስኮት እንደያዘ፣ የትኛውም በምን ቀለም እንደጎላ ቀድማችሁ ንገሩት። የሰዎቹን አኳኋን ራሱ ያነባል።

ጣት የሚያነበው ጥበብ አገራችን ውስጥ ሞልቷል። በቡታጅራ መንገድ ያለው ጢያ ላይ ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ የሰይፎቹ ቅርጽ በጣት ይያዛል። አክሱም ላይ ወድቆ የተሰባበረው፣ 33 ሜትር የነበረው ሐውልት መሬት ላይ ስለተኛ በሮቹና መስኮቶቹ ሰው ከሚደርስበት ከፍታ ላይ ናቸው። ቅርስ ነውና አስጎብኚውን ሳታስፈቅዱ አትንኩ። ሲፈቀድላችሁ ቀለበታችሁን አውልቁ፣ ቅባት የነካውን እጅ ታጠቡ፣ በመዳፍ ሳይሆን በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በጣልያን አንኮና ከተማ ያለውን የኦሜሮ ሙዚየም ጎብኙ። በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው እንዲነካ ተብሎ ነው።

የራሳችሁን ሥራ የምታሳዩበት ቀን ሲመጣ ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ መዳፍ የሚያህል ካርቶን ስቀሉ። በዚያው ቀለም፣ በዚያው ሸካራነት የተቀባ ይሁንና «ይነካል» ብላችሁ ጻፉበት፤ ብሬል የሚጽፍ ሰው ካለም አስጽፉ። ካርቶኑን ከወገብ ከፍታ ብዙ አታርቁት። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውም፣ ልጅም ይድረስበት።